«እንግዳዋ የምትመጣው አሜሪካን ለማየት ነው»

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ፣

የምጽፍልሽ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። አሜሪካ ከገባን አሥር ዓመት አልፎናል። ባለቤቴ አገር ቤት የመንገድ መሐንዲስ ነበር። እዚህ ታክሲ ይነዳል። እኔ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ማታ ማታ እሠራለሁ። ሁለት ልጆች አሉን፤ ትልቋ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ትንሹ ዘጠኝ።

ትልቋ ሃይስኩል ፈረንሳይኛ ትማራለች፤ ጎበዝም ናት። ዘንድሮ ትምህርት ቤቷ ከፈረንሳይ አገር ተማሪዎች ጋር ልውውጥ አለው። እነሱ ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ መጥተው ሁለት ሳምንት በየተማሪው ቤት ያርፋሉ። ጁን ላይ ደግሞ የእኛዎቹ ልጆች ይሄዳሉ። ለእኛ የደረሰችን ሬን ከሚባል ከተማ የምትመጣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት። ፎርሙን በደስታ ፈረምኩ። ቤታችን ጠባብ ቢሆንም እንግዳ እወዳለሁ።

ነገሩ የተበላሸው ባለፈው ሳምንት ነው። ልጄ አጠገቤ ቁጭ አለችና «እማዬ፣ ሁለቱን ሳምንት እንጀራ ባንበላስ? ዕጣንም አታጭሺ። ሳሎን ያለውን ሥዕለ ማርያምና መሶቡን መኝታ ቤት እናስገባው። እሷ ፊት በአማርኛ አታናግሪኝ» አለችኝ። ለምን ስላት «ልጅቷ የምትመጣው አሜሪካን ለማየት ነው፤ ኢትዮጵያን አይደለም። ጓደኞቿ እውነተኛ የአሜሪካ ቤት ደርሷቸው የእሷ ዕጣ እኛ ሆንን» አለች። ክው አልኩ።

ለባለቤቴ ስነግረው ተቆጣ። «ሠርቼ በምከፍልበት ቤት አላፍርም። ቀሪ በያት» አለ። ቀሪ ካልኩ ደግሞ የልጄ የጁን ጉዞ አብሮ ይቀራል። ትኬቱን ከፍለናል።

ሌላም አለ። ትንሹ ልጄ ሹክ እንዳለኝ፣ እህቱ ለፈረንሳይዋ ልጅ በዋትስአፕ «አባቴ መሐንዲስ ነው፤ መንገድና ድልድይ ይሠራል» ብላታለች። ይህን ለባለቤቴ አልነገርኩትም። ቢሰማ የሚሆነውን እንጃ። ሥራ ቦታ ሆኜ ሳስበው እንባዬ ይመጣል። ጊዜው ደግሞ ሁዳዴ ነው። እኔና ባለቤቴ እንጾማለን፤ ለልጅቷ ምን እንደማቀርብላት አላውቅም። እንግሊዝኛዬም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ልትመጣ ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። ቀሪ ልበል? ልጄ እንዳለችው ቤቱን ልለውጥ? ለባለቤቴስ ልንገረው?

ግራ የገባኝ እናት

መልስ

ውድ እህቴ፣

እንደ እህት ነው የጻፍሽልኝ። እኔም «አንቺ» ልበልሽ።

ሌሊቱን ሙሉ የሰው እናትና አባት ስትንከባከቢ አድረሽ፣ ጠዋት መጥተሽ የምታሳድጊያት ልጅ «የእኛ ቤት እውነተኛ አይደለም» ስትልሽ ያማል። ይህን አላቃልለውም። ባለቤትሽም የተቆጣው ስለ እንጀራው አይመስለኝም።

ግን እስኪ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልጅሽ ሌላ ጊዜስ እንዲህ ናት? ጓደኞቿ ሲመጡ መሶብ ትደብቃለች? በአማርኛ ስትጠሪያት አልሰማሁም ትላለች? ደብዳቤሽ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አላገኘሁም። እንደዚያ ከሆነ ባህሏን የጠላች ልጅ አይደለችም። የፈራች ልጅ ናት። ያ ክፍል ውስጥ እንግዳ የሚቀበሉት ተማሪዎች ብዙ ናቸው። እንግዶቹ ደግሞ በየቀኑ ይገናኛሉ። «አንቺ ያረፍሽበት እንዴት ነው?» መባባላቸው አይቀርም፤ ፎቶም ይላላካሉ። ልጅሽ ቤቷ ከሌሎቹ ጎን ቆሞ ነጥብ ሊሰጠው እንደሆነ ነው የተሰማት። በዚህ ዕድሜ ይህን የማይፈራ ልጅ ጥቂት ነው። ሜሪላንድ ተወልዶ ያደገው የክፍል ጓደኛዋም ይሄኔ በአባቱ ቀልድ ወይም በቤታቸው መዝረክረክ እየተሳቀቀ ይሆናል።

ደግሞ ፍርሃቷ ከባዶ አልመጣም። የፈረንሳይ ልጆች አሜሪካን የሚያውቋት ከፊልምና ከተከታታይ ድራማ ነው። ቢጫው የተማሪ አውቶቡስ፣ ኮሪደሩ ላይ የተደረደሩት የብረት ሎከሮች፣ ቺርሊደሮቹ፣ ጠዋት ለባንዲራ የሚባለው ቃል፣ ሁሉም ለእነሱ ብርቅ ነው። ብዙዎቹ አውቶቡሱን ገና ሲያዩት ፎቶ ያነሳሉ። ልብ በይ ታዲያ፤ ይህ ሁሉ ያለው ትምህርት ቤት ነው። እንግዳዋ ከልጅሽ ጋር ክፍል ስትገባ ሁሉንም ታገኘዋለች። ልጅሽ ያንን አሜሪካ ለማሳየት የአንቺን ሳሎን መለወጥ አያስፈልጋትም። ይህን በግልጽ ንገሪያት፤ ግማሽ ሸክሟ የሚወርድ ይመስለኛል።

ስለ ከተማዋ ደግሞ ትንሽ ላጫውትሽ። ሬን የብርታኝ ዋና ከተማ ናት፤ ምዕራብ ፈረንሳይ። የዚያ አካባቢ ሰው የሚታወቅበት ምግብ ጋሌት ይባላል። ከጥቁር ስንዴ ዱቄት ይበጠበጣል፤ ክብና ሰፊ በሆነ ምጣድ ላይ በስሱ ይጋገራል፤ ቀለሙ ጠቆር ይላል። መሐሉ ላይ እንቁላል ወይም አይብ ተደርጎ ታጥፎ ይበላል። እንደ እንጀራ አይቦካም፤ ዓይን የለውም። ግን ምጣድ ላይ የተጋገረ ሰፊ፣ ጠቆር ያለ ነገር ስታይ ይህቺ ልጅ ከሌላ ፕላኔት የመጣ አይመስላትም። የብርታኝ ሰዎች የራሳቸው ቋንቋም አላቸው፤ ብሬቶን ይባላል። በቀድሞ ጊዜ ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ ብሬቶን ሲናገሩ ከተያዙ ይቀጡ ነበር። ዛሬ ቋንቋውን የሚናገሩት በአብዛኛው አያቶች ናቸው። እንግዳሽ «ቤት ውስጥ ሌላ ቋንቋ» የሚለው ነገር ከሰማይ የወረደ አይሆንባትም። ይህን ልጅሽ ራሷ ትጠይቃት። «አያትሽ ብሬቶን ትናገራለች?» ብላ በዋትስአፕ ብትጽፍላት ከአባት ሥራ የተሻለ ወሬ ይከፈታል።

አሁን ወደ ጥያቄዎችሽ ልግባ።

ቀሪ ይባል ወይ? እኔ አልልም። የትኬቱ ገንዘብ አንድ ነገር ነው። ከዚያ የሚብሰው ግን ልጅሽ የምትይዘው ትምህርት ነው፤ «ስለ ፍርሃቴ ለእናቴ ብነግራት ነገሩ ሁሉ ፈረሰ» ትላለች። ሌላ ጊዜ አትነግርሽም። ደግሞም ሬን ያለችው ልጅ ሦስት ሳምንት ሲቀራት ቤት አጣች ማለት ነው። አስተማሪዋ ሌላ ቤት ልትፈልግላት ትችላለች፤ ግን በዚያ ሰዓት የተገፋች ይመስላታል። ባለቤትሽ «ቀሪ በያት» ያለው በንዴት ነው። ንዴቱ እስኪበርድ ጠብቂው።

ልጅሽ እንዳለችው ቤቱን መለወጥስ? እሱም አይሆንም። ከኩራት ጋር አይገናኝም፤ አይቻልም ነው የምልሽ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አራት ሰው ድራማ ሊሠራ? ትንሹ ልጅሽ በሁለተኛው ቀን «እማዬ፣ እንጀራ የለም እንዴ?» ብሎ ያፈነዳዋል። ዕጣን ደግሞ መጋረጃ ውስጥ የገባ ነገር ነው፤ በሦስት ሳምንት አይለቅም።

ግን ከጠየቀችሽ ውስጥ አንዱ ላይ ልጅሽ ልክ ናት። እንግዳ ማዕድ ላይ ቁጭ ብላ ቤተሰቡ በማታውቀው ቋንቋ ሲሳሳቅ ደስ አይልም፤ «ስለ እኔ ነው?» ያሰኛል። ልጅቷ አብራችሁ ስትሆን የጋራውን ወሬ በእንግሊዝኛ አድርጉት። የመጣችውም ለዚሁ ነው። ትንሹን ልጅሽን ሳህን አንሳ ለማለት ግን አማርኛ ይብቃሽ፤ ያ ማንንም አያስቀይምም። ስለ እንግሊዝኛሽ አትሳቀቂ። እሷም ገና ተማሪ ናት። ቀስ ብሎ የሚናገርና ስህተት የማይፈራ ትልቅ ሰው ሲገጥማት እፎይ ነው የምትለው።

ዕጣኑን ደግሞ እንደ ጤና ጉዳይ እዪው። አስም ወይም አለርጂ ካለባት ሁለት ሳምንት ያለ ዕጣን መቆየት ይቻላል። ከሌለባት ቡና ስታፈዪ ትንሽ ብታጨሺ ምን አለበት? ሥዕሉና መሶቡ ግን ባሉበት ይቆዩ። በዚህ ላይ አልደራደርም፤ አንቺም አትደራደሪ። ልጅሽን ሳትቆጪ፣ ሳትገስጪ «እሱ ከቦታው አይነሳም የኔ ልጅ፤ ሌላውን እንነጋገር» በያት። ካላበዛሽው ትቀበላለች።

ለእሷም የምትሰጫት ነገር ይኑር። ከሁለቱ ሳምንት ሦስት አራት እራት ለእሷ ተዪላት። ሜኑውን ታውጣ፣ ትግዛ፣ ትሥራ። በርገር ትጥበስ፣ ቅዳሜ ጠዋት ፓንኬክ ትጋግር፣ ማካሮኒ ቺዝ ትሥራ፣ የፈለገችውን። አንቺና ባለቤትሽ በጎን ሽሯችሁን ትበላላችሁ። ቤቱ በከፊል የእሷ ዝግጅት ሲሆን «ምን ይሉኛል» የሚለው ነገር ይቀንሳል።

ምግቡ ራሱ ከምታስቢው በላይ ቀላል ነው። እናንተ ትጾማላችሁ፤ እሷ አትጾምም። እንቁላል፣ ወተት፣ አይብ ፍሪጅ ውስጥ ይኑር። ፈረንሳዮች ቁርስ ላይ ዳቦ በቅቤና በማርማላታ ይወዳሉ፤ ሲሪያሉም ያስደስታታል። ከሁሉ በፊት ግን ፎርሙ ላይ አለርጂ ተጽፎ እንደሆነ እዪ። ስንዴ የማይስማማት ከሆነች «እንጀራ ጤፍ ነው፣ ችግር የለውም» አትበዪ። እዚህ የሚሸጠው እንጀራ ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ ይቀላቀልበታል። ከምትገዢበት ሱቅ ጠይቂ።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። ብዙ የፈረንሳይ ልጆች ሳህን ላይ ምግብ መተው ነውር ነው ተብለው ነው ያደጉት። አንቺ ደግሞ ባዶ ሳህን ካየሽ ትጨምሪያለሽ። እሷ ትጨርሳለች፣ አንቺ ትጨምሪያለሽ፣ እሷ በግድ ትጨርሳለች። ምስኪን፣ በሦስተኛው ቀን ሆዷን ይዛ ትተኛለች። «በቃኝ» ስትል በቅቷት ነው። «አፈር ስሆን» የለም። ጉርሻም ከሆነ አስቀድመሽ ምን እንደሆነ ንገሪያትና ትወስን።

ከምግቡ በላይ የምትደሰችበት ግን ሌላ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የፈረንሳዮችን የማዕድ ሥርዓት በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። የተመዘገበው ይህ ወይም ያ ወጥ አይደለም። ሰው ተሰብስቦ ረጋ ብሎ መብላቱና መጨዋወቱ ነው። ፈረንሳዮች አሜሪካ ሲመጡ ከሚገርሟቸው ነገሮች አንዱ ሁሉም በየሰዓቱ፣ በየክፍሉ፣ ስልኩን እያየ የሚበላባቸው ቤቶች ናቸው። የእናንተ ቤት በአንድ ትሪ ዙሪያ ይቀመጣል። ቡና ሦስት ዙር ይጠጣል። የልጅሽ ጓደኞች «እውነተኛ ቤት» ውስጥ ያረፉት እንግዶች ይህን ላያገኙ ይችላሉ። ይህን ለልጅሽ እንደ ክርክር አታቅርቢላት፤ ከራሷ ከእንግዳዋ ትስማው። አንቺ ከሌሊት ፈረቃሽ ጋር ሁሌ ማዕድ ላይ እንደማትገኚ አውቃለሁ። በሁለቱ ሳምንት ውስጥ ሁላችሁም የምትገኙባቸውን ማታዎች ካሁኑ ከባለቤትሽ ጋር ምረጡ። ጥቂት ቢሆኑም ይበቃል።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ስለ አባትየው።

ልጅሽ ያለችው ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። አባቷ መሐንዲስ ነው። ትምህርቱን ማንም አልወሰደበትም። የዋሸችው «ይሠራል» ያለችው ላይ ነው። እስኪ ከእሷ በኩል እዪው። ምናልባት ያፈረችው በአባቷ ላይሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው መሪ ጨብጦ መዋሉ ከእሱ ይልቅ እሷን እያንገበገባት ይሆናል። የትኛው እንደሆነ እኔ ከዚህ ሆኜ አላውቅም። አንቺ ግን ዓይኗን እያየሽ ታውቂዋለሽ።

ለባለቤትሽ ልንገረው ወይ ላልሽው፣ እኔ ብሆን አሁን አልነግረውም። ከነገርሽው ነገሩ በእሱና በልጁ መካከል ቁስል ይሆናል፤ ትንሹ ልጅሽም «ነጋሪው» ይሆናል። ግን ዝም ብለሽም አትተዪው። እንግዳዋ በመጀመሪያው ማታ ከአባትየው ጋር ስትጨዋወት «መንገድ ነው የሚሠሩት አሉ፣ የትኛውን?» ብትለውስ? ሰውየው በገዛ ማዕዱ ላይ፣ በባዕድ ልጅ አፍ ይሰማዋል። ከሁሉ የሚከፋው ይሄ ነው። ስለዚህ እንግዳዋ አውሮፕላን ከመሳፈሯ በፊት መስተካከል አለበት። የምታስተካክለውም ልጅሽ ናት።

እንዴት መሰለሽ? ሁለታችሁ ብቻ ሆናችሁ፣ ለምሳሌ መኪና ውስጥ፣ ፊት ለፊት ሳትተያዩ ብታወሩ ይቀላል። ወንድሟን አታንሺ። «ለልጅቷ ስለ አባትሽ ምን ነግረሻታል?» ብለሽ ጠይቂና ዝም በይ። ዝምታው ይርዘም። ከነገረችሽ አትቆጪ። ካልነገረችሽ ደግሞ «መምጣቷ አይቀርም፤ መጥታ ከምትሰማ አንቺ ብትነግሪያት ይሻላል። ምን ብለሽ እንደምትጽፊላት አብረን እናስብ» በያት። ጽሑፉ ረጅም አይሁን። «አባቴ ኢትዮጵያ እያለ የመንገድ መሐንዲስ ነበር። እዚህ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ይነዳል። ቀድሜ በደንብ ሳልነግርሽ ቀርቼ ነው።» በቃ። ይቅርታ መደርደር አያስፈልግም። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ይህን አንብባ «እሺ» ብላ ስለ ሌላ ነገር ትጽፋለች። ልጅሽ ግን ትተነፍሳለች።

ከዚያ አባትየውን ወደ ነገሩ አስገቡት። እንደ ተከሳሽ ሳይሆን እንደ አስጎብኚ። ዋሽንግተንን በየቀኑ የሚያዳርሳት ሰው እኮ ቤትሽ ውስጥ አለ! ለዚያውም ለፈረንሳይ ልጅ የሚነገር ታሪክ አላት ከተማዋ። እ.ኤ.አ. በ1791 የዋሽንግተንን ፕላን የነደፈው ፒየር ሻርል ላንፋን የሚባል ፈረንሳዊ ነው። መሐንዲስ ነበር። ለአሜሪካ ነፃነት ለመዋጋት ባሕር ተሻግሮ መጣ። ሰያፎቹን ሰፋፊ ጎዳናዎችና አደባባዮቹን እሱ አሰበ። በዓመቱ ከአለቆቹ ጋር ተጋጭቶ ተባረረ። በ1825 ሲሞት ድሃ ነበር፤ የሞተውም እዚያው ሜሪላንድ፣ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ውስጥ በሰው ቤት ተጠግቶ ነው። በ1909 አፅሙ ወጥቶ አርሊንግተን መቃብር ከተማዋን ቁልቁል በሚያሳይ ኮረብታ ላይ በክብር አረፈ። ባለቤትሽ ይህን ታሪክ ላያውቀው ይችላል፤ ንገሪው። መንገድ የሚገባው ሰው ነውና አንድ እሑድ ከሰዓት ሁለቱን ልጆች ይዞ ከመቃብሩ ተነስቶ በእነዚያ ጎዳናዎች ሲነዳቸው፣ የትኛው አደባባይ ትራፊክ እንደሚያስጨንቅና ለምን እንደሆነ ሲያስረዳቸው ይታየኛል። ይህን የሚሰጥ አስጎብኚ በገንዘብ አይገኝም። ልጅሽም አባቷ ስለ መንገድ ሲናገር ከሰማች ምናልባት ብዙ ጊዜ ሊሆናት ይችላል።

ለባለቤትሽ ስታቀርቢለት «ልጅህን ይቅር በላት» ብለሽ አትጀምሪ። «ልጅቷን ዲሲን ማን ያሳያት? እኔ መንገዱን አላውቀው» በይው። ወንድ ልጅ እንዲህ ሲባል እምቢ ማለት ይከብደዋል።

ሌሎቹን ነገሮች ቶሎ ቶሎ ልበልልሽ። ስለ ጥበቱ አትጨነቂ። ለአንድ ዓመት በሚመጡ ተማሪዎች ላይ የአሜሪካ መንግሥት ደንብ የሚጠይቀው የራሷ አልጋ እንዲኖራት ነው፤ የተመሳሳይ ፆታ ልጅ ክፍል መጋራትን አይከለክልም። ለአጭሩ ልውውጥ ደንቡን የሚያወጣው ትምህርት ቤቱ ስለሆነ አስተማሪዋን ጠይቂ። ስለ ማታ መውጫ ሰዓትና በማን መኪና መሄድ እንደሚፈቀድም አብረሽ ጠይቂ። ሬን ሜትሮ ያለበት ከተማ ነው፤ ልጅቷ ብቻዋን መንቀሳቀስ ለምዳ ይሆናል። እናንተ ዘንድ ወደ ዋሽንግተን የሚወስደው ሬድ ላይን የሚባል የሜትሮ መስመር አለ። አስተማሪዋ ከፈቀደች ሁለቱ ልጆች ተሳፍረው ስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች ይሂዱ፤ መግቢያው ነፃ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት በጊዜ እንቅልፍ ይጥላታል፤ ሌሊት ደግሞ ትነቃለች። የስድስት ሰዓት ልዩነት ነው። ኩርፊያ አይምሰልሽ። ሰላምታ ላይ ግን አትቸገሩም። ብዙ የፈረንሳይ ልጅ ጉንጭ ለጉንጭ መሳሳም ለምዷል፤ የአሜሪካኖቹ እቅፍ ነው ግር የሚለው። እናንተ ዘንድ ስንት ጊዜ እንደሚሳም ብቻ ንገሯት።

ቤተ ክርስቲያን ይዘሻት ልትሄጂ ካሰብሽ መጀመሪያ ጠይቂ፤ ወላጆቿም ይወቁ። የፈረንሳይ መንግሥት ትምህርት ቤቶች ሃይማኖትን ከደጅ ያስቀራሉ። ልጅቷ ቤተ ክርስቲያን ረግጣ ላታውቅ ትችላለች፤ ወይም የሌላ እምነት ልጅ ልትሆን ትችላለች። እመጣለሁ ካለች ቅዳሴው ረጅም እንደሆነና ጫማ እንደሚወለቅ አስቀድመሽ ንገሪያት። አልመጣም ካለች ባለቤትሽ ወይም ልጅሽ ከእሷ ጋር ቤት ይዋሉ። ያው ነው።

ሬን ያለችውን እናት አትርሻት። ከ2017 ጀምሮ የፈረንሳይ ሕግ ያለ ወላጅ ከአገር የሚወጣ ልጅ የወላጅ ፊርማ ያለበት ፈቃድ እንዲይዝ ያዛል። ሴትዮዋ ያንን ወረቀት ፈርማ ልጇን ወደማታውቀው ቤት ልትልክ ነው። አንቺ ሥራ ላይ ሆነሽ ሌሊት ስምንት ሰዓት ሲሆን እሷ ዘንድ ነግቷል። በእረፍትሽ አጭር መልእክት ላኪላት። ልጅሽ በፈረንሳይኛ ትጻፍልሽ። የሳሎኑን ፎቶ፣ ከነሥዕሉና ከነመሶቡ፣ የምትተኛበትንም አልጋ ላኪላት። ይህ ለልጅሽም መልስ ነው። እንግዳዋ ቤቱን አይታ ትመጣለች፤ የሚደበቅ ነገር አይኖርም።

በመጨረሻ የጁኑ ጉዞ። ልጅሽ የያዘችው የትኛውን ፓስፖርት ነው? የአሜሪካ ከሆነ ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አያስፈልጋትም። የኢትዮጵያ ከሆነ ግን ግሪን ካርድ ቢኖራትም የሸንገን ቪዛ፣ ማለት ፈረንሳይን ጨምሮ ለብዙ የአውሮፓ አገሮች የሚያገለግለው ቪዛ፣ ያስፈልጋታል። ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ጀምሮ ይቀበላሉ። ቀጠሮ ለማግኘት ጊዜ ስለሚወስድ ኤፕሪልን አትጠብቂ፤ በዚህ ሳምንት ጀምሪው።

እንግዳዋ በስጦታ የብርታኝ ካራሜል ይዛ ልትመጣ ትችላለች፤ ጨዋማ ቅቤ አለበት። በሁለት እጅሽ ተቀበያትና ለፋሲካ አስቀምጪው፤ ለምን እንደምታስቀምጪው ልጅሽ ትንገራት። ልጅሽ ስትሄድ ደግሞ ንጥር ቅቤና ቋንጣ እንዳትልኪ። ወደ አውሮፓ ኅብረት የሥጋና የወተት ውጤት ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ኤርፖርት ላይ ይወስዱባታል። በርበሬ ያቃጥላቸዋል። ቡና ላኪ፤ ቆልተሽ፣ ፈጭተሽ።